በረዶ የለበሰው አበባ

ማርች 29

ዛሬም ምንም። ተራራው ላይ ወጥቼ ወረድኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ንፋስ የለ፣ ደመና የለ። የሚላኖው መጽሔት “ጨካኙ ተፈጥሮ” ለሚለው እትሙ ከኔ አንድ ፎቶ ይጠብቃል። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ናዳ ልከዋል፣ ማዕበል ልከዋል። እኔ ምን ልላክ... የላም ፎቶ?

እራት ላይ አጎቴ ሰቨሪኖ ሳቀብኝ። “ሸለቆው በሙሉ አየሩ እንዳይከፋ ይጸልያል፣ አንተ ይክፋ ትላለህ። ከኛ ጋር ነህ ወይስ ከውርጩ?”

አቀርቅሬ ፖለንታዬን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በላሁ።

ኤፕሪል 3

የአጎቴ የፖም ዛፎች አበቡ። ምን ያደርግልኛል? አበባ ማንም ያነሳል።

ኤፕሪል 6

ነገ ጠዋት ውርጭ አለ ተባለ። ደስ አለኝ። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም።

አጎቴ ዛፎቹ ላይ ውሃ የሚረጩትን ፓምፖች ሲሞክር ዋለ። የሚረጨው ውሃ አበባው ላይ በረዶ ሲሆን ውስጡን ከውርጩ ያድነዋል።

“የታችኛውን ማሳ እኔ እጠብቃለሁ፣ የላይኛውን አንተ። ፀሐይ በረዶውን እስክታቀልጥ ውሃው እንዳይቋረጥ። ከተቋረጠ አበባው አለቀ።”

“አውቃለሁ፣ እዚሁ አይደል ያደግኩት!”

ኤፕሪል 7

አገኘሁት። ጎህ ሲቀድ ቅርንጫፉ ሁሉ በረዶ ለብሷል፤ በየበረዶው ውስጥ አንድ አንድ አበባ... ግን ውሃው ሌንሴን አረጠበው። ጠረግኩ፣ ረጠበ። ጠረግኩ፣ ረጠበ። ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው። ንድድ አለኝና ፓምፑን አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ ምን ያመጣል?

ሃያ ሆነ። መልሼ አስነሳሁት።

እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።

ኤፕሪል 9

አጎቴ የላይኛውን ማሳ አበባ በጥፍሩ ሰንጥቆ አሳየኝ። መሃሉ ጠቁሯል። ሌላም ሰነጠቀ። ጥቁር። የታችኛው ግን ደህና ነው።

“የፓምፑን ማጣሪያ ሳላጸዳው ቀርቼ ነው፤ ተደፍኖ ውሃው ቀንሶ ነበር ማለት ነው” አለ። “እንዳጸዳሁት ነበር የማስታውሰው... አጥቤ መልሼ ስገጥመው ራሴን አየዋለሁ እኮ።”

ፓምፑን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ለምን?

ኤፕሪል 12

መጽሔቱ ፎቶውን ለሽፋን መረጠው።

አክስቴ ጌማ ወጥ ቤት ጠራችኝ። “አጎትህ ማሳውን ለጎረቤት ልስጥ እያለ ነው። አእምሮዬን ማመን አቃተኝ ይላል። አባቱንም በሽታው በመርሳት ነው የጀመራቸው፤ በኋላ የልጆቻቸውን ስም አያውቁም ነበር። ትናንት የቤቱን በር አራት ጊዜ ተመልሶ አየ፣ ቆልፌዋለሁ አልቆለፍኩም እያለ። እስቲ አንተ አናግረው ልጄ።”



ኤፕሪል 13

ፎቶውን አትሜ አጎቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

መነጽሩን አደረገ። ብዙ አየው። “ያምራል” አለ። ከዚያ ጣቱን በቅርንጫፎቹ መሃል ቀስ አድርጎ አስኬደ።

“የሚረጨው ውሃ የታለ?”

“አጠፋሁት።”

“ስንት ደቂቃ?”

“ሃያ።”

ስድብ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ።

“ጌማ” አለ። “ማጣሪያውን አጽድቼው ነበር።”

አክስቴ እጇ እንደረጠበ ወጣች። ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች። ገባት።

“አጽድተኸው ነበር” አለችውና ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ወደኔ ማንም ዞሮ አላየም።