ከሕንፃዎ አናት ስለሚወርደው መርፌ

ለተከበሩ የታላቁ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ባለቤት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ቢሮ ይዞ መዋል ጆሮ ይደፍናል፣ ልብም ያደክማል ሲባል እሰማለሁና ጤናዎ ያሳስበኛል። እኔ ከቀትር በኋላ የሕንፃዎ ጥላ በሚያርፍበት መንገድ ላይ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። እኔን አያውቁኝም፤ ልጄን ግን አሠርተውታል። የሕንፃውን ጫፍ ከበየዱት ሠራተኞች አንዱ፣ ሰፈርተኛው በቁመቱ እየቀለደ አጭሬ የሚለው ልጅ ነበር። ከዚያው ከጫፉ ወድቆ ሞተብን።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ለወቀሳ አይደለም። የተከበረ ሰው አይወቀስም፤ ምስጋናዬን ላቅርብ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ልጄን ስለመረጡልኝ አመሰግናለሁ። የዓለም ረጃጅም ሕንፃዎች ሲለኩ አንቴና ከቁመት እንደማይቆጠር፣ ለጌጥ የሚተከል ሹል ጫፍ ግን እንደሚቆጠር ያስረዳኝ እሱ ነው። ሰው የማይኖርበት፣ አንዲት ወንበር እንኳ የማትገባበት፣ እኛ ቤት መርፌው የምንለው ያ ረጅም ብረት የተተከለውም ባሕር ማዶ ያለውን ሕንፃ በትንሹ ለመብለጥ ነበር። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ አጭርና ቀጭን በያጅ ተፈለገ። ልጄ ያን ቀን እየዘለለ ቤት ገብቶ፣ አባዬ፣ ቁመቴ ዛሬ ገና ሥራ አስገኘልኝ አለ። እናቱ በደስታ አለቀሰች፤ እኔ ጅሉም በዓለም አናት ላይ የሚሠራ ልጅ አሮጌ ልብስ አይለብስም ብዬ አዲስ ሱሪ ሰፋሁለት።

ሁለተኛ፣ የምረቃውን ቀን በማክበርዎ አመሰግናለሁ። ንፋሱ ክሬን እስኪያስቆም በርትቶ ሳለ፣ የሕንፃውን ቁመት የሚለኩት ሰዎች ሊመጡ ነውና ቶሎ ጨርሱ፣ ከወገባችሁ የምታስሩት ገመድም ሥራ ያጓትታልና ይቅር ተብሎ እንደታዘዙ ጓደኞቹ እያለቀሱ ነግረውናል። እርስዎ ደግሞ በሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ አደጋ ነው ብለው በማኅተም አረጋገጡልን፤ እኛ እኮ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግራ ገብቶን ነበር። ምረቃው በቀኑ ተካሄደ። ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥን ርችቱ ሲፈነዳ የመጣው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ፤ እኔም አየሁ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ግድግዳችን ነው። ልጄ ከአልጋው በላይ የዓለምን ረጃጅም ሕንፃዎች ሥዕል ከጋዜጣ እየቆረጠ በቁመት ተራ ይለጥፍ ነበር፦ በረሃ ላይ የቆመውን፣ እንደ ተጨመቀ ልብስ የተጠመዘዘውን፣ በድልድይ የተያያዙትን መንትዮች። አንድ አዲስ በተሠራ ቁጥር ሁሉንም ነቅሎ ዝቅ ዝቅ ሲያደርጋቸው ቀለሙን ልጦ ጨረሰው፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ መሰለዎት። የእርስዎን ሕንፃ ጫፉ ጣሪያውን እስኪነካ ከሁሉ በላይ ለጠፈው። ባለፈው ወር ሌላ አገር ከእርስዎ የሚረዝም ተሠርቶ እንዳለቀ በዜና ስንሰማ፣ ታናሽ እህቱ እሱ ቢኖር ያደርገው የነበረውን ልታደርግለት ብላ ወንበር ላይ ወጣች። እናቷ ከጓዳ ሮጣ መጥታ፣ ወንድምሽን ከዚያ እንዳታወርጂው ብላ ጮኸችባት። ይኸው እስከ ዛሬ በእኛ ግድግዳ ላይ አንደኛ ነዎት፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

አራተኛ ብዬ የምቀጥለው ብዙ ነበረኝ፤ ግን ጨዋነቴ እያለቀ ስለሆነ ወደ ልመናዬ ልግባ።

አሮጌው መርፌ ወርዶ ከእሱ የሚረዝም ሊተከል መሆኑን ሰምተናል። ክቡር ሆይ፣ በያጆች ሥራ ሲያልቅ በመጨረሻዋ ብረት ላይ እያንዳንዳቸው በእሳት አንድ ነገር ጽፈው ይወርዳሉ። ሌሎቹ ስማቸውን ጻፉ። የእኔ ልጅ እማዬ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ አልወረደም፤ ማለቴ፣ እንደ ሰው አልወረደም። ይህን ጓደኞቹ ከነገሯት ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ሲመሽ ደጃፍ ትወጣና ወደዚያ ጫፍ አንጋጣ፣ ወዬ ልጄ ትላለች። ልጅ ሲጣራ እናት ዝም አትልም። መጀመሪያ ጎረቤቱ አእምሮዋ ተነካ ብሎ ሊያስገባት ይሞክር ነበር፤ አሁን በዚያ ሰዓት የሚያልፈው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጫፉ ሊነሳ መሆኑን ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ ያቺን ብረት አምጣልኝ አለች።

ስለዚህ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ፣ ትባረክና፣ ውሃ ሰጥታ አስቀመጠችኝ። ብረቷ ብብት ውስጥ የምትገባ ትንሽ ቁራጭ መሆኗን በልብስ መለኪያ ሜትሬ ዘርግቼ አሳየኋት። ደውላ ጠይቃ፣ ብረቱ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ለማቅለጫ ፋብሪካ ተሸጧል አለችኝ፤ ስትነግረኝ ዓይኔን ማየት አቃታት። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ምን እንደምላት ስላላወቅኩ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ክቡርነትዎ ይህን ማወቅ ባያስፈልግዎትም ነገርኩዎ።

ብረቷን ቢሰጡን እስክንሞት እናመሰግንዎታለን። ይህ ለድርጅቱ ከከበደ ግን ያቺ ቁራጭ የምትወርድበትን ሰዓት ብቻ ያሳውቁን። ልጃችን ያኔ ሲወርድ የነገረን አልነበረም፤ እኔ ቁልፍ እየተከልኩ፣ እናቱ ደግሞ ልብሱን እያጠበች ነበር። አሁን እንኳ መንገድ ዳር ቆመን እንቀበለው።

ከትልቁ ሕንፃዎ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ወለል ሆኜ፣ እስከዚያ ከፍታ መድረሱን ባላውቅም ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የአጭሬ አባት፣ ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ በሕንፃው በር ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ ገልብጬ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ንፋስ ካለ ሥራው እንደሚቆም፣ እያንዳንዱ ብረት በድርብ ገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ፣ ከታች የሚቆሙት መኪኖች እንዳይጎዱ አንዲት ብሎን እንኳ እንደማትወድቅ ይናገራል። ድገምልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ከዚያ፣ ለካ ይቻል ነበር አለች።