ስለ ተሳታፊ ቁጥር ሁለት ፊት የቀረበ ምስጋናና አቤቱታ

ለሰው ለሰው ንግግር ጥናት ማዕከል ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ከቤትዎም የሚያዳምጥዎ ሰው አይታጣ። እኔ ከደብረ ወርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ የምኖር ገበሬ ስሆን ስሜ ደምለው አንሙት ነው፤ በመዝገብዎ ግን «ተሳታፊ ቁጥር አንድ» እባላለሁ። «ተሳታፊ ቁጥር ሁለት» ባለቤቴ ጥሩብርሃን ነበረች፤ አምና በሐምሌ ዐሥር ቀን ታማ ዐረፈችብኝ። ማዕከልዎ ስለዋለልን ውለታ በአካል ቀርቤ ላመሰግን ሦስት ጊዜ ብመጣ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ እንጂ፣ እንዲህ በግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ የመጮህ ልማድ የለኝም።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ባለሙያዎችዎ ሁለት ካሜራ ይዘው መጥተው፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲነጋገር ዓይኑና ቅንድቡ፣ እጁና ዝምታው ምን እንደሚሠራ ልናጠና ነውና እንደ ወትሯችሁ ተጫወቱ አሉን። እኛም የዘር ድንች እየለቀምን አራት ቀን ተጫወትንላቸው። በመጀመሪያው ቀን እንደ እንግዳ ሰው «እንዴት አደሩ፣ ይመስገን» ስንባባል ዋልን፤ በሦስተኛው ቀን ግን ካሜራውን ረስተነው እግሩን ስላነከሰው ጠቦት እንጨቃጨቅ ጀመር። አባቶቻችን «ነገር በዓይን ይገባል» ብለው ያለ ካሜራ የጨረሱትን ነገር ማዕከልዎ በዚህ ሁሉ ድካም ስላረጋገጠልን እሰየው ብያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሳይንሱ። ዘንድሮ በመስከረም የተላከልኝን፣ ጨዋታችን ቃል በቃል የሰፈረበትን ስድሳ አራት ገጽ የጥናት ውጤት ዳዊት በለመደ ዓይኔ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እኔ ስናገር ባለቤቴ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ባደረገች ቁጥር «ምላሽ የለም» ተብሎ ተጽፏል። ኧረ ክቡር ሆይ፣ አገሩ ሁሉ አዎ የሚለው እንዲያ አይደለም እንዴ! እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያች ትንፋሽ አረስኩ፣ ተሟገትኩ፣ ልጅ ዳርኩ። አሁን በባዶ ቤት ብቻዬን ስናገር ግን እውነትም ምላሽ የለም፤ እንግዲህ ጥናታችሁ ቀድሞ ያወቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተጽናንቻለሁ።

ሦስተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ተሳታፊ አንድ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የተሳታፊ ሁለትን ንግግር ሠላሳ አንድ ጊዜ አቋርጧል ይላል። ስድብ መስሎኝ ተቆጣሁ፤ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ግን ልክ ሠላሳ አንድ ሆኖ አገኘሁት። በገጽ አርባ አንድ ላይ «እኔ እኮ አንዳንዴ ሳስበው» ብላ ስትጀምር ያን የጠቦት እግር ይዤ ገባሁባት። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፣ ፈገግም አለች የሚል ብቻ ነው። ምን ልትለኝ ነበር? ሰው ተቀይሞም ፈገግ ይላል፣ ወድዶም ፈገግ ይላል፤ የእሷን ፈገግታ ባየው እለየው ነበር፣ ከወረቀት ላይ ግን አልለይ አለኝ። ቤቴ ውስጥ ያለችኝ ብቸኛ ፎቶ የመታወቂያዋ ናት፤ እሷም ለፖሊስ ቃል የምትሰጥ አስመስላታለች።

አራተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ እጅግ አመሰግናለሁ። ቪዲዮውን አሳዩኝ ብዬ ብለምን ጸሐፊዎ ወይዘሪት የኔአለም በትሕትና ወንበር ስባልኝ የስምምነቱን ወረቀት አሳየችኝ፤ «ምስሌ ከአጥኚዎቹ በቀር ለማንም እንዳይታይ» በሚለው ላይ ምልክት አለ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔው ነኝ። ጥሩብርሃን ፊደል ስላልቆጠረች ወረቀቱን እኔ ነበርኩ ያነበብኩላት፤ «የማያውቀኝ ሰው አፈር ለብሼ አይቶ እንዳይስቅብኝ» ስትለኝ፣ ለሚስቱ የሚጠነቀቅ አንባቢ ባል መሆኔ ይታወቅልኝ ብዬ ምልክቱን አድርጌ አውራ ጣቷንም ይዤ አስፈረምኳት። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። ስምምነቱ የሚቀየረው ባለቤቲቱ ራሷ ቀርባ ስትፈርም ነው ተባልኩ፤ መቼ ትምጣ ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። እንግዲህ እንዳያዩኝ ያለቻቸው የማያውቋት ሰዎች በሥራ ሰዓት ያዩአታል፣ እኔ ባሏ ግን አላያትም ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቅጂ ስጡኝ አላልኩም። ከፈለጋችሁ በሩን ቆልፋችሁ፣ ዘበኛም አቁማችሁብኝ፣ የገጽ አርባ አንዷን ግማሽ ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩኝ። ብቸኝነቱ ከብዶኛል። ልጄ ከባሕር ዳር እየደወለች በላህ ወይ ትለኛለች፣ በላሁ እላታለሁ፣ ይዘጋል፤ ስልክ ደግሞ ፊት የለውም።

የማዕከልዎ ጥናት እንዲሰፋ፣ የመዝገብ ቤትዎ ቁልፍ እንዳይጠፋ፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን እንዲያልቅ ዘወትር የምጸልይልዎ፣

ታማኝ ተሳታፊዎ
ደምለው አንሙት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የማዕከልዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለሁለተኛው ዙር ጥናት የሚነጋገሩትን ሰው ይዘው ይቅረቡ ይላል። መምጣቱንስ እመጣለሁ፤ የምነጋገራት ሰው ግን እናንተው ዘንድ መዝገብ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። ከዚያ አውጥታችሁ ፊት ለፊቴ አስቀምጡልኝና እናንተ የፈለጋችሁትን ቁጠሩ፤ እኔ አፌን ዘግቼ አዳምጣታለሁ።