ፍሬኑን ያመነ ይሳፈር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሰይድ ከረጢቱን በረንዳዬ ላይ ጣለውና ዱቄት የመሰለ ዝገት ተበተነ። የሚኒባሴ ሹፌር ነው። «አሮጌው የፍሬን ሸራ ነው እትዬ። መካኒኩ ደሳለኝ ለእትዬ ስጥልኝ፣ መቀየሩን በዓይናቸው ይዩ ብሏል።»

ባለፈው ሳምንት ሚኒባሷ ከወረኢሉ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አላት። ሰይድ አፈር ቁልል ላይ ወሽቆ አቆማት። የአንዲት ሴትዮ ከንፈር ተሰነጠቀ እንጂ የሞተ የለም። አልሐምዱሊላህ ይላል ሰይድ፣ እኔም እላለሁ።

ደሳለኝ ጋራዥ ገባች። ለአራቱም እግሯ አዲስ ሸራ፣ ከእጅ ዋጋው ጋር ሃያ ሁለት ሺህ ብር። ደረሰኝ ስጠይቀው «በእኔና በእርስዎ መሀል ደግሞ ወረቀት?» አለ። አፈርኩ። የባሌ የሙሉጌታ ረዳት ነበር፤ መፍቻ አያያዝ ያሳየው እሱ ነው። ከፈልኩ።

ነገ ሥራ ትጀምራለች። ይህን ቁልቁለት ስሙን መጻፍ አልወድም። ሙሉጌታን የበላው እሱ ነው። መኪናዋም በሞቱ የካሳ ገንዘብ የተገዛች ናት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከረጢቱን ፈታሁት። ሸራው የተለጠፈበት ብረት እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ነው። አንዱን ሳነሳ ነጭ ነገር አየሁ። ኖራ። ከጎኑ የአረንጓዴ ቀለም ጠብታ።

ይህን ብረት አውቀዋለሁ። አምና ሸራ ስናስቀይር የወጣ ነው። የዶሮ ቤቱን በር ማስደገፊያ አድርጌው ነበር። ግድግዳውን ኖራ ስቀባ ተቀባ፣ በሩን አረንጓዴ ስቀባ ጠብታው አረፈበት። ኋላ ከተሰበረ ብረት ድስት ጋር ለቁራሌው ሸጥኩት። አሁን «ከመኪናዎ የወጣ» ተብሎ ተመልሶ መጣልኝ።

እንግዲያው ከመኪናዋ የወጣ ነገር የለም።

ሰይድ ሰው ሞልቶ በጠዋት ወጥቷል። ደወልኩ፣ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። መጽሐፍ ገለጥኩ። ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከለቅሶው በኋላ ነው፤ ጭንቅ ሲይዘኝ ፊደል እቆጥራለሁ። ዛሬ ፊደሎቹ ዝም አሉኝ።

ማምሻውን ጥሩምባዋን ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ።

«ፍሬኑስ?»

«ትንሽ ይሰንፋል እትዬ። አዲስ ሸራ እስኪለምድ ነው ብሎኛል።»

ቁልፉን ተቀብዬ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

መጀመሪያ ሌላኛው ጋራዥ ሄድኩ። ጎማውን ፈትቶ እንዲያይልኝ ለመንኩት። «የሰው ሥራ አልፈታም እናቴ፣ ጠብ ነው» አለኝ።

ብረቱን ይዤ ደሳለኝ ዘንድ ሄድኩ። አየውና ሳቀ።

«ኖራ የሌለበት ቤት አለ እንዴ መካነ ሰላም?»

«ጎማውን ፍታልኝ፣ በዓይኔ ልይ።»

«ማስፈቻ ይከፍላሉ?»

ጎማ የሚያስነፉት ሳቁ። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ሰው ይሞታል» አልኩት። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። እርስዎ ሲለኝ የኖረው አፍ አንቺ አለኝ።

«ፍሬን ዛሬ ነው ያሳሰበሽ? ሙሉጌታ በሞተበት ቀን ጠዋት ‹ፍሬኑ ልል ሆኗል፣ ላሠራው› ሲልሽ፣ ‹ዛሬ ገበያ ነው፣ ነገ ታሠራዋለህ› ያልሽው ማን ነው? በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም አየኝ። ከእኔና ከሙሉጌታ ሌላ የሰማ የለም ብዬ ነበር የኖርኩት። ብረቱን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ የሰላምታ መልስ ሰጥቼ እንደሆን አላስታውስም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አልወጣሁም። ሐጂ እንድሪስ መጡ። ሰፈራችን የተጣላ ሲኖር የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንቀመጣለን አሉ። «አብሽሪ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። የደሳለኝን ወሬ ሰምተዋል፤ ከዓይናቸው አውቄያለሁ።

ሰይድም መጣ። ሥራ ፈቷል፣ ሚስቱ ታኮርፋለች።

«ቁልፉን ይስጡኝ እትዬ። ወላሂ ቀስ ብዬ ነው የምነዳት። ነገ እኮ ገበያ ነው።»

እጄ ወደ ጉያዬ ሄዶ ነበር። ገበያ የሚለውን ሲጨምርበት መለስኩት። ጮኼበት መሰለኝ። ሲወጣ በሩን አልዘጋውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የደሳለኝ እናት እማማ የሺ መንገድ ላይ ያዙኝ። እንጨት ተሸክመው ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነው። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኹብኝ።

«ባልሽን በልተሽ አልበቃ አለሽ? የእኔ ልጅ እጁ ንጹሕ ነው! እሱ የሠራው መኪና ላይ እኔ እናቱ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሳፈረው!»

ቤት ገብቼ ያሉትን ደጋግሜ አሰብኩት። ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። አላባረርኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ጠዋት ቁልፉን ለሰይድ ሰጥቼ መኪናዋን አስመጣሁ። ጋራዡ ደጅ ተቀመጥን። ደሳለኝ የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል። ሐጂ እንድሪስ «መቀየርህን ትምላለህ ወይ?» ሲሉት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«መሐላ አልፈልግም» አልኩ። «ሰይድ መኪናዋን አምጥቷል። ፍሬኑን ያመነ ይሳፈርና ቁልቁለቱን እንውረድ። እኔ እሳፈራለሁ። ደሳለኝም ይሳፈር።»

«ሥራ አለብኝ» አለ።

«በእሑድ?» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

እማማ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «እኔ አለሁ! ልጄን የሚያሳፍር የለም!» ገብተው ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ። እንደሚገቡ አውቄ ነበር። ትናንት ያሰብኩት ይህንኑ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትከሻቸው የወፍ ያህል ነው።

ሰይድ በመስታወቱ አየኝ። «ንዳ» አልኩት።

ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ደሳለኝ ዝም። ወፍጮ ቤቱን አለፍን፤ አሁንም ዝም። መንገዱ ወደ ታች የሚታጠፍበት ስንደርስ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ደሳለኝ ነው፤ የመኪናዋን ጎን በእጁ ይደበድባል።

«አቁም! እናቴ፣ ውረጂ! ሸራው አሮጌው ነው፣ አጥብቄው ብቻ ነው! ውረጂ!»

ሰይድ በእጅ ፍሬን አቆማት። እማማ የሺ ግን አልወረዱም። ፊት ለፊታቸውን እያዩ «ንዳው ሰይድ» አሉ። «የሰው ልጅ ሲሳፈርባት ዝም ያለ፣ ለእኔ ምን አስሮጠው?»

ሰይድ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን መለሰልኝ። ልጃቸው መንገዱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያለቅስ ነበር። ደስ አለኝ። እዋሻለሁ እንዴ ለራሴ? ደስ አለኝ።

ነገ ሐጂ እንድሪስ ባሉበት አዲሱ ሸራ ይገባል፣ ሌላ ሳልከፍል።

ማታ እማማ የሺ ደጄ መጡ። አልገባም አሉ። «አፉ በይን፣ ይቅር በይን ልጄ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። አፉ ብያለሁ ማለት አንድ ቃል ነው። አልወጣልኝም። ምርኩዛቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የማስበው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ጠዋት ከመኪናው ጎን እየሮጠ ሙሉጌታን «ውረድ» ያለው ሰው አልነበረም። ደሳለኝ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔም ቆሜ ነበር። ጥሩምባውን ነፋልን፣ እጃችንን አወዛወዝንለት።

ነገ ሸራው ሲገባ ካየሁ በኋላ፣ እማማ የሺ ቤት እሄድ ይሆናል። ቁልፉ አሁንም ጉያዬ ውስጥ ነው።