ከበራችን ላይ ስላስነሡት ዚር

ለተከበሩ የሰርዶ በር ከተማ የውኃ ቁጠባ አስተባባሪ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ በዚህ በጥቅምት ሐሩር ከመቃጠላችን በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ውኃ በቤተሰብ ደረጃ እንዴት እንደሚቆጠብ የሚያስተምር ባለሙያ እስከ ደጃችን ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቧንቧው ደስ ሲለው ብቻ በሚመጣበት በዚህ ከተማ፣ በልብስ እጣቢ ቤት ወልውለው የቀረውን ለኒም ዛፉ የሚያጠጡት፣ ለሶላት መታጠቢያቸው፣ ለውዱእ፣ አንዲት ጣሳ የምትበቃቸው አማቴ እማማ መስቱራ ቁጠባ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሊሞቱ ነበር! ሆኖም ጥቂት ቅሬታ አለኝ፦

፩. ባለሙያዎ በበራችን ላይ ያለውን ዚር ብክነት ነው ብሎ አስነሥቶብናል። ለቆላው እንግዳ ከሆኑ፣ ዚር ማለት አላፊ አግዳሚ እንዲጠጣበት ደጅ የምናኖረው የሸክላ ጋን ነው። ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ሠራተኞች በዚህ መንገድ ነው የሚያልፉት። የምንሞላው ደግሞ ሁላችንም ከየድርሻችን ቀንሰን ነው፤ ቤተሰቡ የሚቆጥበውም ለዚሁ ነበር።

፪. ከቢሮዎ አጥር ሥር የፈነዳው ቧንቧ ፍየል የሚንቦራጨቅበት ኩሬ ሠርቷል። እሱ ብክነት አይደለም፣ የእኛ ጋን ብክነት ሆነ! የአብዬን ወደ እምዬ ይሏል ይሄ ነው።

፫. ሦስተኛውን በትሕትና ልጽፈው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ዚሩ በተነሣ ማግስት ያረጋል የሚባል የጎጃም፣ የቋሪት ልጅ ከሰሊጥ እርሻ ሲመለስ፣ እንደለመደው ከበራችን መጥቶ ባዶውን መቀመጫ ቢያገኝ፣ ሄዶ ከእርስዎ ኩሬ ጠጣ። አሁን ሆዱ አላቆም ብሎት በረንዳችን ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ ኸሊል ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በማንኪያ ያጠጣዋል። እኔም ይህን እየጻፍኩ፣ ደግሞ እየተነሣሁ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ዝም ሲል እደነግጣለሁ፣ ሲያቃስትም እደነግጣለሁ። እናቱ ልጄ ሠርቶ ይመለሳል ብለው ነው የሸኙት፤ ምን ልበላቸው?

ስለዚህ ዚሩን ዛሬ ወደ ቦታው መልሰነዋል። ቅጣት ካለው እኛም በሩም አለን፤ ግን ያረጋል ድኖ ሲነሣ በራችን ላይ ውኃ ያገኛል።

ከደረቀ ጉሮሮና ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
አባካኝ የተባለችው ጎረቤትዎ
ረፊቃ ሳጂድ

ማስታወሻ፦ ባለሙያዎ ዚሩን ከማስነሣቱ በፊት ከራሱ ከዚሩ ጠጥቶ፣ ጥሙ አልቆርጥለት ብሎ ድገሙኝ ብሎ ነበር። ጋኑ ተሟጦ ስለነበር እማማ መስቱራ የውዱእ ጣሳቸውን ሰጡት። አደራ፣ እንዳይቆጡት፤ ውኃው አልባከነም። እሳቸው የዚያን ዕለት በውኃ ፈንታ በአፈር ተየሙም አድርገው ሰገዱ።