ከጤፍ ቅንጣቷ እስከ ጎሉ

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ከተማችን ቆሰበር ዛሬም በጉም ተሸፍና አረፈደች። የዘጠነኛ "ሐ"ን የአቶም ፈተና መለስኩ። ወይዘሮ እታለማሁ ከሃያው ሦስት ብቻ አመጡ። አርባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዘንድሮ ነው ትምህርት የቀጠሉት። ልጃቸው ደጊቱም እዚያው ክፍል ናት። እሷ አሥራ ስምንት። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው... የእናቴ እኩያ ወረቀት ላይ ቀይ ሳሰምር እጄ እምቢ አለኝ።

በር ላይ ያዙኝ። "ቲቸር ናርዶስ፣ መልቀቂያ ልጠይቅ ነው።"
ለምን?
"ያላየሁትን ነገር ጭንቅላቴ አይዝልኝም። ልጄንም አሳፈርኳት።"
እስከ ሰኞ ይታገሱኝ አልኳቸው። ምን ላደርግ? እኔስ የት አየሁትና?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
የትምህርት ክፍል ኃላፊው አቶ መሳፍንት ሰኞ ሊገመግሙኝ ነው። የመጀመሪያዬ። "መጽሐፉን ተከተይ፤ ጥያቄ ቢመጣ አትደንግጪ" አሉኝ። ከወዲሁ ደነገጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
አገኘሁት! ኒውክለሱ የጤፍ ቅንጣት ቢያክል አቶሙ ስንት ይሆናል? ሦስት ጊዜ አሰላሁት። መቶ ሜትር ገደማ... የኳስ ሜዳችን ማለት ነው። ወደ አከራዬ እትዬ ሸጋ ሮጥኩ። "አንዲት የጤፍ ፍሬ ይስጡኝ።"
"አንዲት? ለጉንዳን ድግስ ነው?"

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ከየት ልጀምር? ተማሪዎቹን በሙሉ ሜዳ አወጣኋቸው። አቶ መሳፍንት ወንበራቸውን ተሸክመው ተከተሉን። ጤፏን ወይዘሮ እታለማሁ መዳፍ ላይ አድርጌ መሃል ሜዳ አቆምኳቸው። "እርስዎ ኒውክለስ ነዎት።" ደጊቱን ኤሌክትሮን አድርጌ ወደ ጎሉ ላክኋት። ሮጠች፣ ሮጠች...
"አንቺ፣ የት ልትደርሺ ነው?" አሉ እናቷ።
"ኤሌክትሮን ነኝ እማዬ፤ መራቅ ሥራዬ ነው።"
ልጆቹ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ በግምገማዬ ቀን።

"በእኔና በእሷ መሃል ያለው ምንድን ነው?" አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።
ምንም። ባዶ ነው።
መዳፋቸውን አዩ፤ ጎሉን አዩ። ከዚያ አጠገባቸው ላሉት ልጆች በአፍ መፍቻቸው በአዊኛ አስረዷቸው። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያሉኝ ልጆች ገባን እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ! ወይዘሮ እታለማሁ ወደ እኔ ዞሩ።
"ቲቸር፣ እኔ ፖዘቲቭ፣ እሷ ኔጋቲቭ። ይሳሳባሉ ብለውናል። ታዲያ ለምን መጥታ እላዬ ላይ አትወድቅም?"

ይህን ኮሌጅ ሳለን ማን ጠየቀ? እኔስ ጠይቄ አውቃለሁ?
"አላውቅም" አልኩ። አመለጠኝ።
አቶ መሳፍንት መጻፍ አቆሙ። አለቀልኝ አልኩ።
"ሃያ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ የለም" አሉ። "እኔም አላውቀውም።" ወንበራቸውን ትተው ከተማሪዎቹ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከአቶ መሳፍንት ጋር ቤተ መጻሕፍት ዋልን። ለካ ኤሌክትሮን እንደ ደጊቱ የምትሮጥ ትንሽ ኳስ አይደለችም! ጠባብ ቦታ ሲያጨናንቋት እንቅስቃሴዋ ይበረታል፤ ለዚህ ነው የማትወድቀው። ግማሹ ገባኝ። ግማሹ ደግሞ... እንዴት ደስ ይላል!

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ድጋሚ ፈተና። ወይዘሮ እታለማሁ ከሃያው አሥራ አራት! ወረቀቱን ለደጊቱ ሰጧት፤ ደጊቱ ለክፍሉ ሁሉ አዞረችው።

ስወጣ በር ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ቆመዋል። አቶ ውብአየሁ፣ የወይዘሮ እታለማሁ ባለቤት። ሊያስወጧቸው ይሆን?
"መምህርት፣ ይህች ሴት የሜዳውን ነገር ነግራኝ እንቅልፍ ነሳችኝ" አሉ። ቆባቸውን አወለቁ። "እኔ ስምንተኛን ጨርሻለሁ። ለከርሞ ቦታ ይኖር ይሆን?"

ወደ መዝገብ ቤት ሄድን፤ ወይዘሮ እታለማሁ ከፊት። መዝጋቢው ሦስታችንንም አየና "የከርሞ ምዝገባ? ገና ኅዳር እኮ ነው" አለ።
"እንግዲያስ በእርሳስ ጻፈው" አሉት ወይዘሮ እታለማሁ።
ጻፈው።