የተዋሱት የዳንቴል መጋረጃ

ለምርጫ ጣቢያችን ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት።

እጅግ የማከብርዎ ክቡር ኃላፊ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎስ፣ የመውለጃ ወሯ የገባው ልጅዎስ፣ ሰሞኑን በየስብሰባው ሲደክም የከረመው ጉሮሮዎስ እንዴት ነው? «ምርጫው በሰላም ተጠናቀቀ» የሚለውን ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል የደጋገመ ጉሮሮ ቢከረክር አይፈረድበትም፤ ማር በሎሚ ይሞክሩለት። እኛ እርስዎ እንዳደረጉን ደህና ነን።

እኔ ከእህል መጋዘኑ ፊት ለፊት ፍራሽ የምሰፋው ሰውዬ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ፍራሽ ለማድረስ ብቻ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጥጥ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ በአጻጻፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ ጥፋቱን ለጋዜጦቹ ይስጡልኝ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩትም በድፍረት አይደለም፤ መጋረጃ የሌለው ሰው የሚደብቀው ነገር ስለሌለው ነው። እርስዎ አገር በማቆም ላይ ያሉ ሰው ነዎትና በትልልቅ ጉዳይ አላደክምዎትም። አቤቱታዬ ስለዚሁ ስለ መጋረጃው ነው።

በምርጫው ዋዜማ ራስዎ እቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ ለነገ ብቻ ነው፣ ማታውኑ አመጣዋለሁ» ብለው ከመስኮቴ ላይ አውርደው የወሰዱት ነጭ የዳንቴል መጋረጃ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ዳንቴሉን በኪሮሽ የሠራችው ሟች እህቴ ናት። ለእኔ የተወችልኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ይህ መጋረጃና ዛሬ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነርስ የሆነችው ልጇ። የመስኮቱ መስታወት ካቻምና መንገዱ ላይ በወደቀው የከባድ መሣሪያ አረር ስለረገፈ፣ በእኛና በአላፊ አግዳሚው መካከል የቆመው ያ ዳንቴል ብቻ ነበር። አሁን መንገደኛው ሁሉ ቤተሰብ ሆኖልናል። ትናንት የማላውቀው ሰው አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ «አባባ፣ ድስቱ እያረረ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ አመስግኜ ሸኘሁት።

ጉዳዬ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ ስለተረፈኝ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችን በተራ ቁጥር ላስከትል።

አንደኛ፦ መጋረጃውን ሲወስዱ፣ ዳንቴል ማለት በክር የተያያዘ ቀዳዳ መሆኑን በትሕትና አስታውሼዎት ነበር። እርስዎም እስክሞት በማልረሳው ጥበብ፣ «ጋሼ፣ ዋናው ነገር መጋረጃ መኖሩ ነው» ብለው መለሱልኝ። በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ «የሚስጥር ድምፅ መስጫ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ሰቀሉት። ከበስተጀርባው ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ነበረና ፀሐይ ስትወጣ ውስጥ የገባው ሰው ሁሉ እንደ ሲኒማ ታየን። ከዳንቴሉ ጀርባ ሁለት ሣጥን ነበር፤ የእርስዎ ወገን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ፣ የተፎካካሪው ሣጥን ደግሞ፣ «ጠረጴዛ አጥሮን» እንዳሉት፣ መሬት ላይ። ለእርስዎ ወገን ካርዱን የሚሰጥ ሰው ቀጥ ብሎ ይሰጣል፤ ለሌላው የሚሰጥ ግን የግድ ጎንበስ ማለት አለበት። እርስዎም ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይዎን ፉት እያሉ ማን ቀጥ እንዳለ፣ ማን ጎንበስ እንዳለ ሲመለከቱ ዋሉ።

በዚህ ዘዴ አንዳንድ ቅን ሰዎች ያለጥፋታቸው ተጎድተዋል። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር ወገባቸው ከጎበጠ ዘመን የለውም፤ ካርዳቸውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ለእናንተ ሰጥተው ሲወጡ ረዳትዎ በክፉ ዓይን ቢገላምጣቸው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ የጎበጥኩት የእናንተ ፓርቲ ሳይወለድ ነው!» ብለው መጋዘኑን በጩኸት ሞሉት። የእኔ ወገብ ደግሞ ከናካቴው አይታጠፍም፤ ማንን እንደመረጥኩ ለማወቅ ከፈለጉ እሱን ይጠይቁት።

ሁለተኛ፦ በጦርነት መካከል ምርጫ በመደረጉ ምክንያት የተፈጠረው የሕዝብ ደስታ ነው። በነጭ መኪና የመጡት ታዛቢዎች ሰልፉን እንደ ሙሽራ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሡት። ከኮረብታው ወዲያ መድፍ ሲያጓራ አንደኛው ደንግጦ አንገቱን ቢቀብር፣ እርስዎ «የደስታ ተኩስ ነው» ብለው አረጋጉት፤ እሱም ጻፈው። ማታ በዜና እንደሰማሁት፣ ታዛቢዎቹ እንዲህ ባለ አገር ሰው ወጥቶ መሰለፉ ብቻ ተአምር ነው ብለዋል። እኛ እኮ ክቡር ሆይ፣ ለዱቄት ተሰልፈናል፣ ለውኃ ተሰልፈናል፣ አስከሬን ለመለየትም ተሰልፈናል። በመሰለፍ የሚደነቅ ሕዝብ ከሆንን እስከ ዛሬ ሳይሸልሙን መቅረታቸው ደግ አይደለም።

ለነገሩ እንግዳ ሰው ነገሩ ቢያመልጠው አይገርምም። የእኛው ሰው ነው ያስደመመኝ። ጎረቤቴን «ራዲዮ» እንለዋለን፤ የሰማውን ሁሉ ሳያኝክ ስለሚደግም ነው። በምርጫው ማግስት ደጃፌ ላይ ቆሞ «ታሪክ ሠራን!» አለኝ። «ምን ሠራን?» ስለው፣ «ምርጫ!» አለኝ። «ማን ተመረጠ?» ስለው፣ «እሱማ ያው የነበሩት ናቸው» አለኝ። ፀጉር አስተካካያችን ደግሞ፣ «ምን ይጠበስ፣ ስንት አገር አለ ይቺም የሌለችው!» እያለ በደስታ መቀሱን ሲያወናጭፍ የደንበኛውን ጆሮ ሊያነሣው ምንም አልቀረውም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በበኩሉ፣ «ይህ ሕዝብ ለምርጫ ገና አልበሰለም» ይላል፤ እሱ ራሱ በየትኛው ምድጃ እንደበሰለ ግን አልነገረንም። ከእጅ የማይሻል ዶማ ይዘው «ዶማ አለን» እያሉ የሚጨፍሩ፣ ዶማውን ለሰጣቸው የሚያጨበጭቡና ሕዝቡ ዶማ አይገባውም የሚሉ ጎረቤቶችን በአንድ ቀን ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፦ ከዳንቴሉ ጀርባ ጎንበስ ካሉት አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ በሠራችው መጋረጃ ተከልዬአለሁ ብላ ጎንበስ አለች፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ የጤና ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ዓይኗን ሳያይ፣ «ከበላይ ታዝዤ ነው፤ ለጊዜው ቤትሽ ዕረፊ» አላት። የበላዩ እርስዎ መሆንዎን የጤና ጣቢያው ዘበኛ እንኳ ያውቃል። ምን አጠፋሁ ብትለው፣ «ጎንበስ ብለሻል ተብሏል» አላት። እሷም፣ «ጎንበስ ማለት ሥራዬ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሕፃን የሚቀበል ካላችሁ አምጡትና ልየው» ብላ ጋዋኗን አጣጥፋ ወጣች።

ከተማችን ሌላ አዋላጅ እንደሌላት ያውቃሉ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በጦርነቱ እንደተዘጋም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ሴቶቹ ለእርዳታ እቤታችን እንዳይመጡ ደግሞ መስኮታችን ራቁቱን ነው፤ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ያቆሙት ጥበቃ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ እያየ ነው የሚውለው። ባለፈው ረቡዕ የአናጢው ሚስት ምጥ ሲይዛት ባሏ በራችን ድረስ መጣ፤ ጥበቃውን ሲያየው ፈርቶ ተመለሰ። እኛ የሰማነው በኋላ ነው። ወደ ገጠር አዋላጅ ፍለጋ በጋሪ ሲወስዳት መንገድ ላይ ወለደች። እሷ ተርፋለች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ያን ትንሽ ሣጥን የሠራው አባቱ ራሱ ነው። ምርጫው «ያለ አንዳች ጉዳት» ተጠናቀቀ በሚለው ሪፖርትዎ ውስጥ ይህን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጡት ወይስ መሬት ላይ፣ ጊዜ ሲያገኙ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ መጋረጃችንን ይመልሱልን፤ የእህቴንም ልጅ ወደ ሥራዋ ይመልሷት። ሁለቱም የተወሰዱት በአንድ እጅ ነውና አንድ መንገድ ይበቃቸዋል።

አራተኛ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደረጋል ስለተባለው ሁለተኛ ዙር ምርጫ ትንሽ ምክር አለኝ። የተፎካካሪውን ሣጥን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ቢቀብሩት፣ ለእሱ የሚመርጥ ሰው በደረቱ መተኛት ስለሚኖርበት እርስዎ መነጽር እንኳ ሳያስፈልግዎ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሩ ተንኳኳ።

ክቡር ሆይ፣ መጋረጃ ስለሌለን ከተቀመጥኩበት ሆኜ በመስኮቱ አየሁ፤ የመጡት እርስዎ ነዎት። ብቻዎን ነዎት፤ ኮፍያዎን በሁለት እጅዎ ያሻሉ፤ የአንዱ ጫማዎ ክር ተፈትቶ መሬት ይጠርጋል። ሰው ሊያስር የመጣ ባለሥልጣን ቢያንስ ጫማውን አስሮ ይመጣል ብዬ ተጽናናሁ። ሲጣሩም ይሰማኛል፤ እኔን ግን አይደለም። «እህቴ፣ እህቴ» እያሉ ነው። ባለፈው ሳምንት «ያቺ ሴትዮ» ነበረች። ልክፈትልዎት።

በጥልቅ አክብሮት፣ መሬት በሚነካ ትሕትናና እንደ ወገቤ በማይታጠፍ ታማኝነት፣
ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ያለው፣ መስኮቱ ክፍት የሆነው ፍራሽ ሰፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ምጥ እንደጠናባት ሲነግሩን፣ «ካርዷን የጨመረችው የትኛው ሣጥን ውስጥ ነበር?» ልልዎት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የእህቴ ልጅ በዓይኗ ዘጋችው። እሷ የጠየቀችዎ፣ «ከጀመራት ቆየ?» ብላ ብቻ ነው። መልስዎን ሰምታ ሳትጨርስ ቦርሳዋን አንሥታ ቀድማዎት ወጣች፤ ጥበቃዎም ቆሞ አየን፤ እኔም ተከተልኩ።

መጋረጃችንን ያገኘሁት እዚያው እርስዎ ቤት ነው፤ በልጅዎ ክፍልና በሳሎኑ መካከል ባለው በር ላይ ተሰቅሎ። ሳሎኑ በዘመድ ወዳጅ ሞልቶ ነበር፤ ያ ዓይነ ክፉ ረዳትዎም ሻይ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። የእህቴ ልጅ ዳንቴሉን አየችው፤ ሳሎኑን አየችው፤ ከአልጋው ግርጌ ብርድ ልብስ አንሥታ በላዩ ላይ ደረበችበት። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አላየም። ሥልጠና አልወሰደችበትም፤ በጀትም አላስፈለጋትም።

ልጅዎ ደህና ናት፤ የልጅ ልጅዎም ሴት ናት፤ እንኳን ደስ ያለዎት። የእህቴን ልጅ እጅ ይዘው፣ «ውለታሽን በምን እከፍለዋለሁ?» እያሉ ሲያለቅሱ ሳሎኑ ሁሉ ሰምቷል። እኔም ወደ ቤት ስመለስ ይህን ደብዳቤ ልቀደው አስቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን ሥራ አስኪያጁ፣ «ከበላይ የመጣ ትእዛዝ የለም» ብሎ ከበር መልሷታል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ሌላውን ፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አንዱን ደግሞ ሳያኝክ እንዲደግመው ለራዲዮ ሰጥቼዋለሁ።

ዳንቴላችንን አውርደን ወደ መስኮታችን መልሰናል። ብርድ ልብሱ ግን የእርስዎ ስለሆነ አልነካነውም፤ ለሁለተኛው ዙር ያስፈልግዎታል።