በበረንዳዬ ያረፈው ንብ

ልጄ ምሥጋና፣ በሰው አገር ጊዮርጊስ ከፊት ከኋላህ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ጋር ታርቋል። ሹራብህን ሳትለብስ አትውጣ።

የማኅበራችን ደንብ በረንዳ ላይ እንስሳ ይከለክላል። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የጎረቤቴን የአገርነሽን ዶሮዎችም በእሱ አስወጥቻለሁ። ማክሰኞ ጧት ግን ከሐይቁ በኩል የንብ መንጋ መጥቶ የሙክት ላት አክሎ በበረንዳዬ ብረት ላይ ተንጠለጠለ። እያዜመ ይተነፍሳል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ክንዱ ፍሊት ይዞ መጣ። «እትዬ ፅጌ፣ ደንቡ የእርስዎ ነው» አለኝ።

አገርነሽ ደጃፌ ላይ ተገተረች። «ንብ የገባበት ቤት በረከት ገብቶታል! መጀመሪያ እኔ ላይ ንፋው!» አለችው።

ከመሸንቲ ንብ አርቢ አስጠራን። ቀፎውን ቢያስጠጋው ንቡ ቅዳሴ እንደሚገባ ሕዝብ በሥርዓት ገባለት። ግቢው ሁሉ፣ አቶ ክንዱም ጭምር፣ ቆሞ አየ።

እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ የአገርነሽ ዶሮዎች እንዲመለሱ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። አንተ ግን ቀድመህ ደውልላትና «እናቴ ይቅርታ ትላለች» በልልኝ። ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

የንቡን ዜማ ያሰማኝ አምላክ ድምፅህን ደጄ ላይ ያሰማኝ።

እናትህ ፅጌ ማርያም